ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ለምን አይነበብም? በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ቴክኖሎጂን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ስለማመቻቸት

ከደሴ አንድ ደብዳቤ ይወጣል እንበል። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትጽፈዋለች፣ ይታተማል፣ ኃላፊው ይፈርሙበታል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶ ማህተም ያሳርፍበታል፤ ከዚያ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅ፣ ለወልድያና ለመካነ ሰላም ይበተናል። ዓይናማው ባለሙያ ስልኩን ከፍቶ ያነበዋል። ዓይነ ስውሩ ባለሙያ ያንኑ ፋይል ሲከፍት ግን ኮምፒውተሩ «ባዶ ሰነድ» ይለዋል፤ ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ጠዋት ጽሑፍ የነበረው ከሰዓት በኋላ ፎቶ ሆኗል። ፎቶ ያደረገውም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።

በዩኒቨርሲቲ፣ በሆስፒታል፣ በከተማ አስተዳደር ወይም በኢንዱስትሪ ፓርክ ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞችና ስለ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ንግግሩ ቶሎ ወደ ልዩ መሣሪያ ግዥ ይሄዳል፤ «በጀት የለም» ተብሎም ይዘጋል። አብዛኛው እንቅፋት ግን አንድ ዕቃ ስለጎደለ የመጣ አይደለም። በየቀኑ በሚጻፈው ሰነድ፣ ለሁሉም ተብሎ በሚገዛው ሶፍትዌርና በር ላይ በሚሰቀለው የጣት አሻራ መሣሪያ ውስጥ እኛው የምንሠራው ነው። ስለዚህ የምናብራራው ከዚያ ተነሥተን ነው።

ስክሪን ሪደር እና የአማርኛ ድምፅ

ስክሪን ሪደር በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ወይም ወደ ብሬል ማሳያ የሚልክ ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር በስፋት የሚታወቁት ጆስና ኤንቪዲኤ ናቸው። ጆስ በክፍያ ነው። ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ጀመረው፤ ጄምስ ቴ የተባለ ሌላ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊም ተቀላቀለው። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ መረብ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በስልክ ደግሞ ቶክባክ ከአንድሮይድ፣ ቮይስኦቨር ከአይፎን ጋር አብረው ይመጣሉ።

ኤንቪዲኤ ኢስፒክ የሚባል ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ ኢስፒክ ደግሞ አማርኛ ያነባል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የድምፅ መምረጫው ይከፈታል፤ እዚያ ኢስፒክ ይመረጣል። ቀጥሎ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ተጭኖ ቋንቋው አማርኛ ይደረጋል። ይህ ካልተደረገ የእንግሊዝኛው ድምፅ የአማርኛ ፊደል ሲያጋጥመው ምንም ሳይል ሊያልፈው ይችላል። «ኤንቪዲኤ አማርኛ አይችልም» ተብሎ የተተወበት ብዙው ኮምፒውተር ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

የኢስፒክ ድምፅ ለጆሮ ደረቅ ነው። ጽሑፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይም «አለ» ሲል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ከዐውዱ መረዳት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ኤጅ መቅደስና አምሃ የሚባሉ እጅግ የተሻሉ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን አብረው ይቋረጣሉ። ለንባብ ይጠቅማሉ፤ የዕለት ሥራን በእነሱ ላይ ብቻ መመሥረት ግን አይገባም።

ፊደሉ ራሱ ሲያሳስት

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ዓይን ላለው ሰው ፈጽሞ የማይታይ እንቅፋት ስለሆነ።

ድሮ ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ስለዚህ የቀድሞ የግዕዝ ፎንቶች ዘዴ ፈለጉ፦ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፣ አንዳንዶቹ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጡ። በሁሉም ዘንድ ግን ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ ስለሸፈነው ነው። ስክሪን ሪደር ሽፋኑን አያይም፤ የሚያነበው ከሥር ያለውን ነው። «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚለው ርእስ በጆሮ ሲሰማ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ጋጋታ ይሆናል።

ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይቀራል። ሆኖም የድሮዎቹ ፎንቶች ዛሬም በየጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ አሉ፤ በየመዝገብ ቤቱ የተከማቹት የደብዳቤ ናሙናዎችም በእነሱ የተጻፉ ናቸው። አዲስ ደብዳቤ የሚጻፈው የድሮውን ፋይል ከፍቶ ስምና ቀን በመቀየር ስለሆነ ስህተቱ ከዓመት ዓመት ይሻገራል።

መለየቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጥቂት መስመር ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደል ቅልቅል ከሆነ የድሮ ፎንት ነው። ማስተካከያውም ሩቅ አይደለም፦ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ራሱ የዩኒኮድ ምርጫ አለው፣ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ኪማን የተባለው መጻፊያም በነጻ ይገኛል። ጸሐፊዎች የለመዱትን አተያየብ እንዲተዉ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር ከሥር የሚቀመጠው ምን እንደሆነ ነው። አሥሩን ወይም ሃያውን የደብዳቤ ናሙና አንድ ጊዜ በዩኒኮድ እንደገና ጽፎ የድሮዎቹን ከኮምፒውተሩ ማንሳት፣ የሺህ ደብዳቤ ችግር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። የቆዩ ሰነዶችን የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ዲቃላ ፊደሎችን፣ ቁጥሮችንና ነጥቦችን በዓይን አረጋግጡ።

ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይሠራዋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ድምፁ ግን ዐረፍተ ነገር ማብቃቱን የሚያውቀው በ«።» ነው፤ ሁለት የተደገሙ ነጥቦች ሲያገኝ ሳያርፍ ይቀጥላል፣ አድማጩም ሐሳቡ የት እንዳለቀ ይጠፋዋል።

ሞክሼ ፊደሎች በጆሮ አይለዩም፤ ለሰው ሀብት መዝገብ ደግሞ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዓይነ ስውር ሠራተኛ ይህን ራሱ ማጣራት ይችላል፦ ቁጥር መጻፊያው ሰሌዳ ላይ 2ን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን ኤንቪዲኤ የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር ይነግረዋል። «ሀ» 1200 ነው፣ «ሐ» 1210፣ «ኃ» 1283።

ስለ ማህተሙ

መፍትሔው ማህተሙን መተው አይደለም። ሁለት ፋይል መላክ ነው፦ ማህተም ያረፈበት ስካን እንደ ሕጋዊ ሰነድ፣ ጽሑፉ ደግሞ ለንባብ። መዝገብ ቤት የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ወረቀቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ፋይሉ ላይም ይጨምር፤ የፋይሉ ስምም «ስካን 0047» ሳይሆን ጉዳዩንና ቁጥሩን ይያዝ። ሐሰተኛ ሰነድ ያሰጋል የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው፤ ሥልጣን ያለው ምንጊዜም ማህተም ያለበት ቅጂ ነው።

ከውጭ ስካን ሆኖ የገባው ሰነድ ፊደልን ከምስል በሚያወጣ ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ቴሴራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል፤ ጉግል ድራይቭም ፋይሉን በጉግል ዶክስ ሲከፍት ይሞክረዋል። ጥራቱ በስካኑ ይወሰናል፦ የምስሉ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ገጹ ያልተጣመመ፣ ማህተሙ ከጽሑፍ መስመር ላይ ያልወደቀ። ሰማያዊ ማህተም የመጨረሻውን አንቀጽ ከሸፈነ የሚወጣው ጽሑፍ እዚያ ላይ ይበላሻል። «ሰ» እና «ስ»፣ «በ» እና «ቡ» ይምታታሉ። የገንዘብ መጠንና ቀን ያለበት ቦታ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ይረጋገጥ።

በዎርድ ሲጻፍ ርእስ የሚሆነውን ፊደሉን በማተለቅና በማድመቅ ብቻ ሳይሆን ከስታይል ዝርዝር «ሄዲንግ» ብሎ መምረጥ ይገባል። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው የ40 ገጽ መመሪያ ውስጥ የሚዘዋወረው ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለለ ነው፤ ርእስ ካልተሰየመ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። ኤክሴል ላይ ትልቁ ጠላት የተዋሃዱ ሴሎች ናቸው። በውጤት መመዘኛ ቅጾች ላይ ርእሱን ለማሳመር ሦስት አራት ሴል ሲዋሃድ፣ ስክሪን ሪደሩ ቁጥሩ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። ርእስ በአንድ ረድፍ ብቻ ይሁን። «በቀይ የተቀለሙት ያልተወራረዱ ናቸው» ማለትም አይበቃም፤ በአንድ ዓምድ «ያልተወራረደ» ተብሎ ይጻፍ።

አይጡን ንቀሉት

ሶፍትዌር ለመፈተሽ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤቱን የፈቃድ መጠየቂያ፣ የፋይናንስ ወይም የታካሚ መረጃ ሥርዓት ክፈቱና አይጡን (ማውሱን) ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። በታብ ወደፊት፣ በሺፍትና በታብ ወደኋላ፣ በኢንተርና በቀስቶች ብቻ አንድ ሥራ ከመግቢያው እስከ «አስቀምጥ» ፈጽሙ። የፈቃድ ጥያቄ ይሁን፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የት ላይ እንደምትቆሙ ከወዲሁ መናገር ይቻላል። መጀመሪያ የት እንዳላችሁ ይጠፋችኋል፤ ብዙ ሥርዓቶች የተመረጠውን ቦታ የሚያሳየውን ክፈፍ «ያስጠላል» ብለው ያጠፉታልና። ቀጥሎ የቀን መምረጫው ነው፦ በአይጥ የሚከፈት የቀን መቁጠሪያ እንጂ ቀኑን መጻፊያ የለውም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን ጨርሶ የሌለበት ያጋጥማል። ቀኑን በቁጥር መጻፍ ቢፈቀድ ሁለቱም ይፈታሉ። ከዚያ «ላክ» ስትሉ አንዱ ሳጥን በቀይ ይከበባል፤ ምን እንደጎደለ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም። መጨረሻ ላይ ጊዜው አልፎ ሥርዓቱ ያስወጣችኋል፤ በድምፅ እያዳመጠ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ጊዜ ከዓይናማው ይበልጣል። የአጠቃቀም ጊዜ ሊያልቅ ሲል ቢያንስ 20 ሰከንድ ቀደም ብሎ ማስጠንቀቅና በአንድ ቁልፍ እንዲራዘም ማድረግ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መለኪያ የሚጠይቀው ነው።

ሁለተኛው ዙር በኤንቪዲኤ ነው። በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤን ይነሳል። ድረ ገጽ ላይ ኤች ሲጫኑ ወደ ርእስ፣ ኤፍ ሲጫኑ ወደ መሙያ ሳጥን፣ ቢ ሲጫኑ ወደ ቁልፍ ይወስዳል። «በተን» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ቁልፉ ሥዕል እንጂ ስም የለውም። «ኤዲት» ብቻ ካለ ሳጥኑ ከስሙ ጋር አልተያያዘም። ይህን ማስተካከል ለፕሮግራመሩ ከባድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ስሙን በኮዱ ማያያዝ ነው። የገጹ የቋንቋ መለያም አማርኛ መባል አለበት፤ «እንግሊዝኛ» ተብሎ የቀረ ገጽ ስክሪን ሪደሩን ወደ እንግሊዝኛ ድምፅ ሊመልሰው ይችላል።

ስለ ዓይነ ስውራን ብዙ አልን። በየቢሮው በቁጥር የሚበልጡት ግን ዓይናቸው የደከመ፣ ማንም ሳያውቅ ከስክሪኑ ጋር ፊት ለፊት ተጠግተው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ትራኮማ ሥር በሰደደበት በአማራ ክልል ይህ ሊያስገርም አይገባም። ለእነሱ ኮንትሮልና የመደመር ምልክት ገጹን ያተልቃል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት አጉሊውን ይከፍታል። የፊደሉና የመደቡ ቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት፤ በነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ይህን አያልፍም። ገጹ 200 በመቶ ሲተልቅም ምንም ቁልፍ ሊጠፋ አይገባም።

በአንድ እጁ የሚጽፍ ሰው በአማርኛ የሚደክመው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። አብዛኛው ፊደል ሁለት ምት ይፈልጋል፤ እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉት ደግሞ በብዙ ኪቦርዶች ከሺፍት ጋር ነው የሚመቱት። ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫኑ የሚነሳው ስቲኪ ኪስ ሺፍትን ይዞ መቆየትን ያስቀራል፤ መጀመሪያ ሺፍት፣ ከዚያ ፊደሉ። የአይቲ ክፍሎች ይህን መልእክት «ያስቸግራል» ብለው ለሁሉም ይዘጉታል፤ መዝጋት ካስፈለገ በየሰው ይሁን። መናገር የሚቀለው ደግሞ የጉግል ኪቦርድ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ስለሚለውጥ በስልኩ አስጽፎ ወደ ኮምፒውተሩ መላክ ይችላል፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።

በር ላይ የተሰቀለው መሣሪያ

የሰዓት መቆጣጠሪያው የጣት አሻራ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚሰቀለው በቆመ ሰው ፊት ትክክል ነው። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ያ ከእጅ በላይ ነው። ከወለሉ ከ90 እስከ 110 ሴንቲ ሜትር ይሰቀል፤ ከሥሩም ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ ወይም ደረጃ አይኑር።

ከፍታው ቢስተካከልም ጣት የሌለው፣ አሻራው በቃጠሎ ወይም በሕመም የጠፋ ሰው አለ። ለሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ባለበት አካባቢ ይህ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በግንባታና በእርሻ ሥራ አሻራው የተፋቀም አለ። መሣሪያው ሳይገዛ ካርድ ወይም የምስጢር ቁጥር የሚቀበል መሆኑ ይረጋገጥ፤ ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ ተከፍቶ የሚዋቀርላቸው ሰው ነው የሌለው። «አንተ በወረቀት ፈርም» የሚለው መፍትሔ ሰውየውን በየቀኑ ከሌሎቹ የሚነጥል ነው፤ ወረቀቱ ሲጠፋም ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

መስማት ለተሳናቸው

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። ስለዚህ «ጽፈን እንሰጣቸዋለን» ማለት ሁልጊዜ አይበቃም፤ ለብዙዎቹ የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ማስታወቂያው አጭር ዐረፍተ ነገር ይኑረው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን ያስቀድም። በቪዲዮ ስብሰባ አስተርጓሚው በሁሉም ስክሪን ላይ ጸንቶ እንዲታይ አስተናጋጁ ያድርግ፤ ካልተደረገ የተናገረ ሁሉ ስክሪኑን ይወስድና አስተርጓሚው ይጠፋል። ብርሃን ከፊቱ እንጂ ከጀርባው አይምጣ፤ ልብሱ አንድ ቀለም ይሁን። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይተካካሉ። ከዚያ በኋላ እጅ ብቻ ሳይሆን አእምሮም ይደክማል፣ ትርጉሙም ይሳሳታል።

እንደ ኮምቦልቻ ባለ የፋብሪካ ከተማ ቀዳሚው ጉዳይ የሕይወት ነው። የእሳት ማንቂያ ደወል ብቻ ከሆነ መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ አትሰማውም። ብልጭ የሚል መብራት በምርት መሥመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በመጸዳጃ ቤትና በልብስ መቀየሪያ ክፍልም ይተከል፤ ሰው ብቻውን የሚሆነው እዚያ ነውና። ከመብራት መቋረጥ በኋላም እንዲሠራ የራሱ ባትሪ ይኑረው።

ግዥው ላይ ካልተጻፈ

ሶፍትዌር ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ውድ ነው፤ ሻጩ «ይህ በውሉ የለም» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ቦታው የጨረታ ሰነዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ኮምፒውተሮቻቸውን ያጡ የወሎ መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ነገር እንደ አዲስ መግዛት ነበረባቸው፤ እንዲህ ያለው ጊዜ አሮጌውን እንቅፋት ላለመድገም የሚመች ነው።

በቴክኒክ መስፈርቱ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። አንደኛ፣ ሥርዓቱ ዊካግ 2.2 ተብሎ የሚታወቀውን የድረ ገጽ ተደራሽነት መለኪያ በሁለተኛው፣ ማለትም በድርብ ኤ ደረጃ እንዲያሟላ። እትሙ የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛ፣ ተጫራቹ በግምገማው ቀን አይጥ በሌለው ኮምፒውተር፣ በኤንቪዲኤ፣ ሦስት የተወሰኑ ሥራዎችን ሠርቶ እንዲያሳይ። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ክፍያ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሠራተኛ ራሱ ሞክሮ ከፈረመ በኋላ እንዲለቀቅ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከሌሉ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል፤ «ያሟላል» ብሎ ምልክት ማድረግ ለማንም ቀላል ነውና።

ሕጉ ከሠራተኛው ጎን ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል። አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ ሠራተኛ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመኖሩን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን፣ በአንቀጽ 27 ሥራን ለይቶ ያነሳል።

በተግባር ነገሩ የሚንጠለጠለው በኃላፊነት ክፍፍል ነው። ብዙ ተቋማት ጉዳዩን ለአንድ ተጠሪ ይሰጡታል፤ ተጠሪዋ ግን ሶፍትዌር ለመመለስም ሆነ ግዥ ለማስቆም ሥልጣን የላትም። ናሙና ደብዳቤው የመዝገብ ቤት፣ መስፈርቱ የግዥ፣ ፍተሻው የአይቲ፣ መሣሪያውን ለሰውየው ማድረስ የሰው ሀብት ሥራ ተብሎ በየክፍሉ ዕቅድ ውስጥ ይጻፍ። የሠራተኛው ፍላጎትም ሲቀጠር አንድ ጊዜ ተጠይቆ በፋይሉ ይያዝ፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ እንዲያስረዳ አይገደድ።

ዝውውር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የተዛወረው ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ኮምፒውተር ይጠብቀዋል። ኤንቪዲኤ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው፦ ኢንሰርትና ኤን፣ ከዚያ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ክሪኤት ፖርተብል ኮፒ»። ፕሮግራሙ ድምፁንና ማስተካከያውን እንደያዘ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሥራ መጀመር ይቻላል። የፍላሹ ቅጂ ግን የዊንዶውስ የይለፍ ቃል መግቢያን አያነብም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት አይቲው ሙሉውን ፕሮግራም ይጫን፣ በመግቢያው ስክሪን ላይም እንዲነሳ ምልክት ያድርግበት።